ከአየር ላይ የተነሱ የመልክዓ ምድር ፎቶ መጻሕፍት፦ የሚስቡት በምንድን ነው? የትኛውስ ይገዛ?

ጥያቄ፦ ቤተ መጻሕፍት

ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከአየር ላይ የተነሱ የዓለም መልክዓ ምድር ፎቶዎችን የያዙ ትልልቅ መጻሕፍት ለመግዛት ታስቧል። በጀቱ ከሁለት ወይም ከሦስት መጽሐፍ አያልፍም፤ የሚገኙትም አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው፣ ከውጭ በሰው እጅ የሚመጡ። ከኮሚቴው ግማሹ «ጉግል ኧርዝ በነጻ እያለ ለወረቀት ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ የሚያጠግብ መልስ ይዤ መግባት አለብኝ። እነዚህ መጻሕፍት ሰውን ይዘው የሚያስቀሩት በምናቸው ነው? ደህናው ከመናኛው በምን ይለያል? ያገለገለ ሲገዛስ ምን ምኑ ይታያል? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ካርታና ኮምፓስ

ከመስሕቡ ልጀምር። ጥሩ የአየር ላይ ፎቶ ሲከፈት ዓይን ቅርጹን ወዲያው ይይዘዋል፤ ነገሩ ምን እንደሆነና ስፋቱ አንድ ክንድ ይሁን አሥር ኪሎ ሜትር ግን አይለይም። ከዚያ ጥግ ላይ አንዲት ጀልባ፣ ወይም መንገድ፣ ወይም የግመል ጥላ ትገኛለች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መጠኑን ያገኛል። አንባቢው ገጹን ቶሎ የማይገልጠው ባለማወቅና በማወቅ መካከል ያለችው ጊዜ ስለምትጥመው ነው። ከዚያ ቀጥሎ «ይህን ምን አመጣው?» የሚለው ይመጣል፤ ለተማሪ የሚጠቅመውም ይኼኛው ነው።

በምሳሌ ላሳይ። በአሜሪካ ካንሳስ፣ በሳዑዲ ወይም በሊቢያ ኩፍራ በረሃ ላይ በረድፍ የተደረደሩ አረንጓዴ ክቦች ይታያሉ። እያንዳንዱ ክብ አንድ የመስኖ ቧንቧ በጎማ ላይ ሆኖ መሃል ባለው የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ ሲዞር የሳለው ነው። ፍራንክ ዛይባክ የተባለ የአሜሪካ ገበሬ የዚህን መሣሪያ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያገኘው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ካንሳስ ላይ የተለመደው ክብ ስፋቱ 800 ሜትር ገደማ፣ የሚሸፍነውም ወደ 50 ሄክታር ነው፤ ይህም ያለምክንያት አይደለም። መሬቱ ከ1785ቱ ሕግ ጀምሮ አንድ ማይል በአንድ ማይል በሆኑ ካሬዎች ተሸንሽኖ ስለነበር ክቡ የካሬውን ሩብ ሞልቶ ይቆማል። አራቱ ማዕዘኖች ደርቀው የሚቀሩትም ለዚህ ነው። አንድ ፎቶ የመሬት ሕግን፣ የውኃ ጉድጓድንና የማሽን ታሪክን አንድ ላይ ይዞ ተቀመጠ ማለት ነው።

ቀለምም እንዲሁ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ ያሉት የጨው ማድረቂያ ኩሬዎች አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ ደም የመሰለ ነው። ማንም ቀለም አልጨመረባቸውም። ውኃው እየተነነ ጨዉ ሲበረታ በውስጡ የሚኖሩት ደቂቅ ፍጥረታት ይለዋወጣሉ፤ ቀዩ በጣም ጨዋማው ነው። የእኛው ዳሎልም ይነበባል፦ ደማቁ ቢጫና አረንጓዴ ከሥር ትኩስ አሲዳማ ውኃ አሁንም የሚወጣበት ነው፤ ወደ ዝገት ቡናማ የዞረው ምንጩ የነጠፈበትና ብረቱ ከአየር ጋር የተዋሐደበት ነው።

የኮሚቴውን ጥያቄ በተመለከተ፦ ጉግል ኧርዝ ላይ ያለው የሳተላይት ምስል አብዛኛው ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከሞላ ጎደል ቁልቁል ተነስቶ፣ የተለያየ ቀን ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ጥላው አጭር ነው፤ ወቅቱንም የመረጠው ሰው የለም። ለልኬት ድንቅ ነው። የመጽሐፉን ፎቶ ግን ወቅቱን፣ ሰዓቱንና አንግሉን መርጦ ያነሳው ሰው አለ፤ 60 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ ገጽ ላይ ደግሞ አራት ልጆች ጭንቅላታቸውን ገጥመው ሊያዩት ይችላሉ። አንዱ ሌላውን አይተካውም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ቢሆኑ ነው የሚሻለው።

መልስ፦ ክፍት በር

እኔ በአነሳሱ በኩል ልጨምር፤ አነሳሱን ያወቀ መጽሐፉን ለመገምገም አይቸገርም።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያገለግለው ሄሊኮፕተር ወይም ክንፉ ከላይ የሆነ እንደ ሴስና ያለ ትንሽ አውሮፕላን ነው። በሩ ይነቀላል፤ ካልሆነ መስኮቱ ይከፈታል። በመስኮቱ ፕላስቲክ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ነጸብራቅ ይይዛል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ሌላው ጠላት ፍጥነትና ንዝረት ነው። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሰከንድ 50 ሜትር ይሄዳል፤ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) 1/100 ሰከንድ ከተከፈተ በዚያች ቅጽበት ግማሽ ሜትር ተጉዟል፣ 1/1000 ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ስለዚህ 1/1000 እና ከዚያ በላይ ፈጣን መሆን አለበት። ሁሉም ነገር ሩቅ ስለሆነ ዲያፍራሙን፣ ማለትም ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ማጥበብ አያስፈልግም፤ ስፋቱ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ይበቃል። ክርንን በአውሮፕላኑ አካል ላይ ማስደገፍ አይገባም፤ ንዝረቱ ሰተት ብሎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። የሌንሱ ከለላ ነፋስ እንዳይወስደው ይወልቃል፣ የፎከስ ቀለበቱም ሩቅ ላይ ተስተካክሎ በፕላስተር ይታሰራል።

አሁን ወደ መጽሐፉ። እርከን፣ የአሸዋ ክምር፣ የተራራ ሸንተረር በፎቶ ላይ ከፍታቸው የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው፤ ማለትም ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ወይም ልትጠልቅ ስትል። ቀትር ላይ የተነሳ የኮንሶ እርከን ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል፤ ግንቡ እስከ 5 ሜትር የሚቆም መሆኑን ማንም አያምንም። ኮራል፣ ጥልቀት የሌለው ባሕርና ባለቀለም ኩሬ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ዝቅ ካለች ግን ከውኃው ገጽ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል። መጽሐፉን ስታገላብጡ ፎቶ አንሺው ይህን ለይቶ እንደሆነ እዩ። ሁሉም ገጽ በአንድ ዓይነት የምሽት ወርቃማ ብርሃን ከተሞላ ለውበት ብቻ የተሠራ ነው።

ብናኝና ጢስ ሌላው ፈተና ነው። በሰያፍ የተነሳ ፎቶ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚያይ ሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ይሟሽሻል። በኢትዮጵያ ደጋ ጥርት ያለው ጊዜ ክረምቱ እንደወጣ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ከጥር በኋላ አቧራውና የእርሻ ቃጠሎው ይከብዳል። ይህን በኮምፒውተር ለማጽዳት የተሞከረ ፎቶ ይታወቃል፦ ተራራው ከሰማይ በሚገናኝበት መስመር ላይ ነጭ ጠርዝ ይኖረዋል፣ ጥላው ውስጥ ደግሞ ያልተገባ ሰማያዊ ይገባል። እንዲህ ያለው ከሦስት አራት ገጽ በላይ ከሆነ መጽሐፉን ተዉት።

መልስ፦ አርት ፔፐር

ስለ ኅትመቱ። አንድ የአየር ላይ ፎቶ መጽሐፍ ሃያ ዓመት ሊያገለግልም በአንድ ዓመት ሊበታተንም ይችላል፤ ልዩነቱ ጥራዙ ላይ ነው። መጽሐፉን መሃሉ ላይ ከፍታችሁ የገጾቹን መጋጠሚያ እዩ። ክር ከታየ የተሰፋ ነው፤ ጠፍጣፋ ይከፈታል። ሙጫ ብቻ ከሆነ ልጆች በኃይል ሲከፍቱት ገጹ ይነቀላል፤ በዚያ ላይ ፎቶው በሁለት ገጽ ተዘርግቶ ከሆነ መሃሉ ይዋጣል። ለአየር ላይ ፎቶ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ስኬሉን የምትነግረው ያቺ ትንሽ ጀልባ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ናት።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 150 ወይም 170 ግራም የሚመዝን አርት ፔፐር (ላዩ ልስልስ ሽፋን የተቀባ ወረቀት) ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ የሳሳ ከሆነ የጀርባው ፎቶ ይታያል፤ ገጹን ብቻውን አንስታችሁ ወደ መስኮት ብትይዙት ይታወቃል። ግሎሲው (የሚያብረቀርቀው) ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ ያወጣል፣ ግን በኒዮን መብራት ሥር ያንጸባርቃል። ማቱ (የማያብረቀርቀው) ለዓይን ይመቻል፣ ቀለሙ ግን ትንሽ ይደበዝዛል። ለንባብ ክፍል ማቱን እመርጣለሁ።

ቀለሙን ለመፈተን በረዶ ወይም ደመና ያለበት ገጽ ፈልጉ። ነጩ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ቢጫ ካደላ ኅትመቱ ተበላሽቷል፤ የሌሎቹን ገጾች ቀለምም አትመኑት። ከዚያ 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ቀጭን ነገር ላይ አድርጉ፦ መንገድ፣ አጥር፣ የመርከብ ጠርዝ። በአንዱ ጎን ቀይ በሌላው ጎን ሰማያዊ ጠርዝ ከታየ የኅትመቱ አራት ቀለሞች አንዱ በሌላው ላይ አልተገጣጠሙም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከሩቅ ያምራል፣ ቀረብ ሲሉት ግን ዝርዝሩ የለም።

ከተቻለ ትልቁን ዕትም ግዙ። ታዋቂ የሆኑት መጻሕፍት በኋላ አነስ ተደርገው፣ በርካሽ ይታተማሉ። 36 ሴንቲ ሜትር የነበረው ገጽ 20 ሲሆን ሰዎቹና እንስሶቹ ጠፍተው ቅርጹ ብቻ ይቀራል፤ «ካርታና ኮምፓስ» ከላይ ያነሳው መጠኑን የማግኘት ጨዋታም አብሮ ይጠፋል።

ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ሁለት ነገር። አርት ፔፐር ውኃ ከነካው የተቀባው ሽፋን ቀልጦ ገጽ ከገጽ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ፎቶው ይላጣል፣ መፍትሔም የለውም። ስለዚህ ሻጩ የአራቱን ማዕዘንና የታችኛውን ጠርዝ ፎቶ ይላክላችሁ፤ ወረቀቱ ከተወዛወዘ ረጥቦ ያውቃል። ሁለተኛ፣ 3 ወይም 4 ኪሎ የሚመዝን መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ከኖረ ገጾቹ በክብደታቸው ወደ ታች ተንጠልጥለው ከሽፋኑ ይለቃሉ። የፊተኛውን ሽፋን ከፍታችሁ ማጠፊያው ላይ ስንጥቅ እንዳለ ጠይቁ። እናንተም ስትረከቡት በጀርባው አጋድማችሁ አስቀምጡት፤ ከሁለት በላይም አትደራርቡ።

መልስ፦ ሰማይ ጠቀስ

ድሮን ገዝተን የራሳችንን አካባቢ አንስተን ብናሳትም አይሻልም ወይ? ዋጋው ከሁለት ትልልቅ መጽሐፍ ብዙም አይርቅም።

መልስ፦ ክፍት በር

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ፈቃዱ ይቅደም። በኢትዮጵያ ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፤ ደብዳቤው ሳይያዝ ግዢ አይታሰብ። ከዚያ የኅትመቱን ሒሳብ ሥሩ፦ ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል። 12 ሜጋ ፒክስል ያለው ካሜራ 4000 በ3000 ይሰጣል፤ ይህም 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አንድ ገጽ። 60 በ30 ለሆነ ሁለት ገጽ 25 ሜጋ ፒክስል ግድ ነው። ሌላው የአየሩ መሳሳት ነው። 3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሞተሩ በፍጥነት መዞር አለበት፤ ባትሪው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አይቆይም። ግማሽ ሲቀረው መመለስ ነው፤ ደጋ ላይ ነፋስ ተነስቶ የመልሱን መንገድ ሊያስረዝመው ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤተ መጻሕፍት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የምፈልገውን ነው ያገኘሁት። አንድ ነገር ብቻ፦ ለናሙና በታዩት ፎቶዎች ላይ አንዳንድ ተማሪ ገደሉን ጉብታ፣ ጉድጓዱን ኮረብታ አድርጎ ያየዋል። መምህሩም ተቸግሯል። የፎቶው ችግር ነው?

መልስ፦ ካርታና ኮምፓስ

የፎቶውም የተማሪውም ችግር አይደለም፤ የዓይናችን ልማድ ነው። አእምሯችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ይገምታል። ፎቶው ላይ ብርሃኑ ከገጹ ግርጌ ከመጣና ጥላው ወደ ገጹ ራስ ከወደቀ ጉድጓዱ ተገልብጦ ጉብታ ይሆናል። ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ በታተመ ቁልቁል ፎቶ ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል፤ ምክንያቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ባለው አብዛኛው አገር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጽሐፉን አዙሩት፣ ጥላው ወደ ተመልካቹ ይውደቅ። ወዲያው ይስተካከላል።

መምህሩ ተማሪዎቹ ከሥዕሉ በፊት ጥላውን እንዲፈልጉ ቢያደርግ ጥሩ ነው። አንድ ዛፍ ወይም ቤት ፈልገው ጥላው ወዴት እንደወደቀ ጣት ያሳርፉበት፤ ከዚያ በኋላ ገደሉን ይመልከቱ። ወንዝ ካለም ይረዳል፤ ወንዝ በጉብታ አናት ላይ አይሄድም። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ቁልቁል ያነሳ ፎቶ ለዚህ ልምምድ የሚወዳደረው የለም። 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ የጣሪያው መስቀል ከዙሪያው አለት ጋር እኩል ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ ጉድጓድ ውስጥ መቆሙን የሚያስረዳው በግድግዳውና በአለቱ መካከል ያለው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። መጽሐፉን ዘቅዝቃችሁ አሳዩአቸው፤ ሁለቱንም ያዩታል።

መልስ፦ የቆየ ካርታ

እስካሁን ያልተነሳው የሥዕል መግለጫው ነው፤ ለትምህርት ቤት ከኅትመቱም አስበልጠዋለሁ። ደህና መጽሐፍ ከፎቶው ሥር ወይም በመጨረሻው ክፍል ቦታውን፣ አገሩን፣ የኬክሮስና የኬንትሮሱን ቁጥር፣ ነገሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደተፈጠረ ይጽፋል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ የያን አርቱስ-ቤርትራን ዝነኛ መጽሐፍ ለዚህ ይጠቀሳል። ሽፋኑ ላይ ያለው በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በኒው ካሌዶኒያ ደሴት ቮ የተባለ ስፍራ በ1990 የተነሳ፣ በማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ደን መሃል የልብ ቅርጽ ያለው ገላጣ መሬት ነው። መግለጫ የሌለው ሰው «እንዴት ያምራል» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ግን ይህ ነው፦ መሃሉ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ ስለሚል የሚጥለቀለቀው ትልቁ የባሕር ሙላት ሲመጣ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውኃው ተንኖ ጨው እየተከማቸ ማንግሮቩ መቋቋም ያቅተዋል። ዕፅዋቱ ሲለዋወጥ ቅርጹም ይለወጣል፤ ዛሬ እንደ ያኔው ጥርት ብሎ አይታይም።

መግለጫ የሌለው መጽሐፍ ሊያሳስትም ይችላል። ከማዕድን ማጠቢያ የወጣ ዝቃጭ ብረቱ ዝጎ ደማቅ ብርቱካን ወንዝ ሲሆን ከላይ እጅግ ያምራል። ሥሩ ላይ ምን እንደሆነ ካልተጻፈ ልጁ ብክለትን እንደ ውበት ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ የአንድ ገጽ መግለጫ ፎቶ ይላክላችሁ፤ የአገር ስም ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ለኢትዮጵያ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነጻ ሀብት አለ። ስዊሳዊው አብራሪ ቫልተር ሚተልሆልትሰር በ1934 እ.ኤ.አ. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎከር አውሮፕላን ሊያስረክብ ሲመጣ አገሩን ከአየር ላይ አንስቶ ነበር። ፎቶዎቹ ዙሪክ በሚገኘው የኢቴሃ (ETH) ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያሉ፣ ይወርዳሉ። ጣሊያኖችም ከ1935 እስከ 1941 ለካርታ ሥራ ያነሷቸው በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ግቢ ተገኝተው ተጠንተዋል። አነሳሳቸው ራሱ ትምህርት ነው፦ አራት ካሜራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንዱ ቁልቁል፣ ሁለቱ በመጠኑ ሰያፍ፣ አንዱ በጣም ሰያፍ።

ሦስት መጽሐፍ ከሆነ እንግዲህ አንዱ መላውን ዓለም የሚያሳይ፣ በደንብ የተገለጸ ይሁን። ሁለተኛው አፍሪካን ወይም በረሃን ብቻ የያዘ ቢሆን ይሻላል፤ ስለ አንድ ነገር የሆነ መጽሐፍ ንጽጽር ያስተምራል። የሦስተኛውን ገንዘብ ከሚተልሆልትሰር ፎቶዎች አሥራ ሁለት ያህሉን በኤ3 አሳትሙበትና ከመጽሐፎቹ ጋር አስቀምጡ።

የክፍል ሥራው ቀላል ነው። ተማሪው ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ይወስዳል፤ ለቤተ ጊዮርጊስ ለምሳሌ 12°02′ ሰሜን፣ 39°02′ ምሥራቅ። ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ ያስገባል፣ ከላይ ያለውን የሰዓት ምልክት ተጭኖ የዓመቱን መስመር ወደ ኋላ ይጎትታል። ደቡብ ጎንደር ላይ ይህን ቢሠሩ በእርሻ መካከል ክብ ሆነው የቀሩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያገኛሉ፤ የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ያጠኗቸው ናቸው። የብዙዎቹ ስፋት ጥቂት ሄክታር ነው፤ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ይታያል፣ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ የተካበ አጥር ነው። ልጆቹ የደኑን ስፋት በመለኪያው መሣሪያ ያውጡ፣ አጥር ያለውንና የሌለውን ጠርዝ በሁለት የተለያየ ዓመት ያስተያዩ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በገጠር አካባቢ መስመሩ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት ሲደርስ ምስሉ ይደበዝዛል። የያኔው ሳተላይት አንዱ ፒክስል 30 ሜትር ስለነበር ነው፤ ደኑ ጠፋ ብለው እንዳይጽፉ መምህሩ አስቀድሞ ይንገራቸው።